ውጤቱ የማን ነው?



 ላነሳው የመጣሁት ጉዳይ በየቤታችሁ ያለ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ሌሊት ስልኩን ይዞ ያላፈጠጠ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ልጁ የመለያ ቁጥሩን ያስገባል፤ ነጥቡ ይመጣለታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤተሰቡም፣ ጎረቤቱም፣ ልጁ ራሱም ያንን ነጥብ የልጁ ልክ አድርገው ይወስዱታል። ጎበዝ ነው፤ ወይም ሰነፍ ነው። እኔ ዛሬ የምጠይቀው ያ ነጥብ በእርግጥ የማን ውጤት እንደሆነ ነው።

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተወስደው በዚያ እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። አገር ደነገጠ። «ትውልዱ ሰንፏል» ተባለ፤ «ኩረጃው ሲቀር እውነቱ ወጣ» ተባለ። ሁለተኛው አባባል እውነት አለው፤ ፈተናው ከኩረጃ እንዲጸዳ መደረጉንም ያለማመንታት እደግፋለሁ። መልስ በስልክ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ የሚጎዳው ገንዘቡም ዘመዱም የሌለው፣ በሐቅ ያጠና ልጅ ነበር። የመጀመሪያው አባባል ግን ስህተት ብቻ ሳይሆን ጉዳት ያለው ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን እንዲህ እንደምል በቀጣዩ ዓመት የወጣ አንድ ቁጥር ያሳያል። በ2015 ዓ.ም. 845,188 ተማሪዎች ተፈትነው 27,267 አለፉ። ጋዜጦች ይህንን በትልቁ ጻፉ። ከሥሩ ግን ሌላ ቁጥር ነበር፦ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ተማሪ ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች 43 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። በዓመቱም ይኸው ነገር ተደገመ፤ ቁጥሩ 1,363 ደረሰ።

እስቲ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በአንድ ትምህርት ቤት ከመቶ ልጆች ሦስቱ ብቻ ቢያልፉ ዘጠና ሰባቱ አላጠኑም ብሎ የሚከራከር ሰው ይኖር ይሆናል። ከመቶው አንድም ካላለፈስ? በዚያ ክፍል ውስጥ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃ ስትይዝ የኖረች ልጅ አለች። ሌሊት በኩራዝ ያጠና ልጅ አለ። የሒሳብ ጭንቅላት ይዞ የተወለደም አይጠፋም። ሁሉም አብረው ወደቁ። ስንፍና በትምህርት ቤት ተመድቦ አይሰጥም። አንድ ክፍል በሙሉ ሲወድቅ፣ ልጆቹ ከመፈተናቸው በፊት ፈተናውን የወደቀ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ያ ነገር ምን እንደሆነ ወደ ወረዳ ከተሞች ወጣ ብላችሁ የምታውቁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚገኘው በወረዳው ከተማ ነው። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ልጅ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ስንቁ ከቤት ይመጣለታል፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ደረቅ እንጀራው። አርብ ማታ ወደ ቤት ይሄዳል፤ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ በእግሩ ይመለሳል። አጨዳ ሲደርስ ሳምንቱን በሙሉ ይቀራል፤ ቢመጣም ልቡ ከማሳው ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ ከተማ ውስጥ ብቻዋን ቤት መከራየቷ ራሱ ለወላጅ ሐሳብ ነው፤ ብዙዎች 9ኛ ክፍል ላይ የሚያቋርጡት በትምህርቱ ደክመው ሳይሆን በዚህ ስጋት ነው። ትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር የሚያገኘው ኅዳር ላይ ነው፤ በመጋቢት ተዛውሮ ይሄዳል። ቤተ ሙከራ የሚል ጽሑፍ ያለበት በር አለ፤ ውስጡ ግን የተሰበረ ወንበር የተከማቸበት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየሁለተኛ ደረጃው የገባው ፕላዝማም መብራት በሌለበት ዝም ያለ ሣጥን ሆኖ ቀርቷል።

ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ባካሄደው ኢንስፔክሽን ከአገሪቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከደረጃ በታች እንደሆኑ በይፋ ተናግሯል። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ላይ የምናየው ነገር 12ኛ ክፍል ላይ የተጀመረ አይደለም።

ይህን በአገራችን ልጆች ላይ ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። ያንግ ላይቭስ ይባላል፤ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይመራል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በቀድሞው ደቡብ ክልልና በአዲስ አበባ የሚኖሩ 3,000 ያህል ልጆችን ከሕፃንነት ወይም ከልጅነት እስከ ጉልምስና በየጊዜው እየጎበኘ ኖሯል። የዚህ ጥናት ትልቁ ትምህርት፣ በሀብታምና በድሃ፣ በከተማና በገጠር ልጆች መካከል ያለው የዕውቀት ልዩነት የሚታየው ገና ከትምህርት ቤት በር ላይ መሆኑ ነው። በሕፃንነቱ የቀነጨረ ልጅ በስምንት ዓመቱ ሲያነብና ሲቆጥር ከእኩዮቹ ወደኋላ ቀርቶ ይገኛል። እናቱ የተማረች ልጅ ይቀድማል። ከብት የሚጠብቅና ውኃ የሚቀዳ ልጅ ለጥናት የሚተርፈው ሰዓት ያንሳል። ልዩነቱ በየክፍሉ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። እንግዲህ ፈተናው 18 ዓመት የተጠራቀመን ነገር በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለካል፤ ከዚያም «ይህ ያንተ ነው» ብለን ለልጁ እንሰጠዋለን።

ይህን ስናገር «እንግዲያውስ ቤተሰብ ነው የሚወስነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚል ተስፋ መቁረጥ እንዳይገባችሁ እፈራለሁ። በዚህ ላይ አንድ የቆየ ክርክር ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ በ1966 እ.ኤ.አ. ጄምስ ኮልማን የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት አወጣ። መደምደሚያው ብዙዎችን አስቆጣ፦ የተማሪን ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታ ይበልጥ ይወስናል አለ። ከ17 ዓመት በኋላ ሄይነማንና ሎክስሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 29 አገሮችን አነጻጽረው የተለየ ነገር አገኙ። አገሩ ድሃ በሆነ መጠን የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት ድርሻ ይበልጥ ይከብዳል አሉ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ተከራክረውበታል፤ እኔ ግን ነገሩ ከዓይናችን ፊት ያለ ይመስለኛል። ቤቱ መጽሐፍ የሌለው፣ አባቱ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ዕውቀት የሚያገኝበት ሌላ ምንጭ የለውም፤ ያለው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። ያ ትምህርት ቤት ደህና ከሆነ ልጁ ይወጣል፤ ከተበላሸ ልጁን የሚደግፈው ምንም የለም። የሀብታም ልጅ ትምህርት ቤቱ ቢበላሽ አስጠኚ ይቀጠርለታል። ጥሩ ትምህርት ቤት ከማንም ልጅ ይልቅ ለድሃው ልጅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደማይነካው ጉዳይ ልምጣ፤ የማስተማሪያ ቋንቋ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ብዙ ልጆቻችን የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ። እንደ ክልሉ በተለያየ ክፍል፣ ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጅ እንግሊዝኛውን ከኬጂ ይጀምራል፤ ቤት ሲገባም በእንግሊዝኛ ካርቱን ያያል። የገጠሩ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ራሱ በቋንቋው መናገር ከሚከብደው መምህር ይማራል፤ ከዚያም በአንድ ክረምት ልዩነት ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም እንግሊዝኛ ይሆንበታል።

ከዚህ ተነስተው ጥፋተኛው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ትልቅ ጥናት እስከ 8ኛ ክፍል በቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል ምዘና የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ልጅ በሚገባው ቋንቋ ሲማር ያስባል፣ ይጠይቃል። ችግሩ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ድልድይ አለመሠራቱ ነው። ፈተናው ላይ ልጁ መልሱን ያውቀው ነበር፤ ጥያቄው ራሱ ግን አልገባውም። ይህ ከስንፍና ጋር ምን አገናኘው?

በቅርቡ ያለፉት ተማሪዎች መቶኛ ከፍ ብሏል። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል። ያለፉትም ከ29,909 ወደ 48,929 አድገዋል፤ ይህ ደስ የሚያሰኝ እውነት ነው፤ የደከሙ መምህራንን አመሰግናለሁ። ግን ደግሞ የተፈታኙ ቁጥር በሦስት ዓመት ውስጥ ከ896,520 ወደ 585,882 ወርዷል። ከ300,000 በላይ ልጆች ከዝርዝሩ ላይ የሉም። ከእነዚህ መካከል በጦርነትና በግጭት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው አሉ፤ የትግራይ ልጆች ዓመታት አልፈውባቸዋል፤ በአማራ ክልልም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። መቶኛው የሚሰላው ፈተና ላይ ከተቀመጠው ነው። ያልተቀመጠው በየትኛውም መቶኛ ውስጥ አይገባም፤ ግን ልጃችን ነው።

ስለ ፈተናው እስካሁን ብዙ ብያለሁ። ዩኒቨርሲቲ የገቡትስ? በምርቃት ቀን «ሳይማር ያስተማረኝ ሕዝብ» የሚለውን ንግግር ሁላችሁም ሰምታችኋል። በአዳራሹ ውስጥ ቁጥራቸው የማይናቅ ተመራቂዎች ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ ሆነው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ናቸው። እናታቸው የተመረቁበትን ዲፓርትመንት ስም ልትጠራው አትችልም። ይህ የሚያኮራ ነው፤ የሚያስከትለውን ድካም ግን አናወራም።

አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማረ አባት ያለው ልጅ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ምክር ይሰንቃል። «የመጀመሪያውን ሴሚስተር አትቀልድበት፤ ዲፓርትመንት የሚሰጥህ በእሱ ነው። ሎጂክ ይከብዳል ተብሎ ቢወራ አትፍራ። አማካሪህን ሄደህ አነጋግር። አልገባኝም ማለት ነውር አይደለም» ይባላል። ይህ ምክር ወርቅ ነው። ምክንያቱም በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ተማሪ የጋራ ኮርሶችን ወስዶ፣ ሕክምና ይገባ ይሆን ምሕንድስና፣ ሕግ ይማር ይሆን ሌላ፣ በአመዛኙ የሚወሰነው በዚያ ዓመት በሚያመጣው ነጥብ ነው። ከገጠር የመጣችው ልጅ ይህን የምትሰማው ከዶርም ጓደኞቿ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የአጋማሹ ፈተና፣ ሚድ፣ ካለፈ በኋላ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያሳለፈችው በፍጥነት በእንግሊዝኛ የሚያስረዳ መምህር መከታተልን ስትለምድ፣ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነካ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ እንዴት እንደሚፈለግ ስትማር ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ነቅታለች፤ ነጥቧም ወጥቷል። አማካዩ ግን ተበላሽቷል። በእንግድነቷ ወራት ያመጣችው ነጥብ የዕድሜ ልክ ሙያዋን ወሰነው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ ካሉት አድልዎች ሁሉ ማንም ሰው ሳያስበው የሚፈጸመው ይህ ይመስለኛል። ማንም መምህር ክፉ አላደረገባትም። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው። እኩል የሆነው ደንብ ግን አንዱ ከቤቱ ተምሮት የመጣውን ነገር ሌላዋ በነጥቧ ከፍላ እንድትማረው ያደርጋል።

ገንዘቡም አለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማደሪያና ምግብ ይሰጣል፤ ተማሪው ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ይህ አሠራር ባይኖር ኖሮ እዚህ ካሉት መምህራን ብዙዎቻችን አንማርም ነበር። ነገር ግን ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚያዘው በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ ከዚያ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ነው ወደ 100 ብር ከፍ ያለው። ከቤቱ የሚላክለት ነን ካፌ ይሆናል፤ ውጭ ይበላል። የማይላክለት ካፌው የሰጠውን በልቶ ያድራል፤ ለኮፒና ለሳሙና ደግሞ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። አንድ ልጅ ምሳውን ሳይጠግብ ካልኩለስ ሊገባው ይችላል የሚል ሰው አላውቅም።

መጨረሻው ላይ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና አለ። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ወደ 62 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ግን ወደ 17 በመቶ ብቻ አለፉ። የግል ኮሌጅ የሚማረው ሁሉ ሀብታም እንዳይመስላችሁ። ብዙው የመንግሥት ምደባ ያላገኘ፣ ቀን እየሠራ ማታ የሚማር፣ እናቱ ዕቁብ ጥላ የከፈለችለት ልጅ ነው። በመግቢያው ላይ የተጎዳው እንደገና በመውጫው ላይ ይጎዳል።

«ልዩ ድጋፍ አለ አይደለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አለ። ለሴቶች፣ ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለጋምቤላ፣ ለቤንሻንጉል ጉሙዝና ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆች የመቁረጫ ነጥብ ዝቅ የሚልበት አሠራር ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። አስፈላጊ ነው፤ እንዲቀር አልፈልግም። ሁለት ጉድለት ግን አለው። አንደኛ፣ በሩን ከፍቶ ልጅቷን ብቻዋን ይተዋታል። ሁለተኛ፣ የሚያየው ክልሉን እንጂ ቤቱን አይደለም። ጅጅጋ ከተማ ላይ የባለሥልጣን ልጅ የሆነ ተማሪ ይረዳል፤ ከእነዚህ አካባቢዎች ውጭ ድንጋያማ ማሳ ላይ ያደገ የአርሶ አደር ልጅ አይረዳም።

ሌሎች አገሮች ይህን ለማረም የተለያየ መንገድ ሞክረዋል። የቴክሳስ ክፍለ ግዛት በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ ከየትኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከላይኛው አሥር በመቶ ውስጥ የተመረቀ ተማሪ ወደ ክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲገባ ደነገገ። የድሃ ሰፈር ትምህርት ቤት አንደኛም አንደኛ ነው ማለት ነው። ብራዚል በ2012 እ.ኤ.አ. በፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎቿ ከሚገኘው ቦታ ግማሹን በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለተማሩ ልጆች መደበች። እኛም ብንሆን ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን የበዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪዎችን ሰብስቦ 12ኛ ክፍልን በአዳሪነት ያስተምር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ አምጥቶ፣ ለዩኒቨርሲቲ አዘጋጅቶ። ከትንሽ ከተማ ወጥተው ለታላቅ ደረጃ የበቁ ብዙዎች በዚያ በር አልፈዋል።

ዛሬም የማካካሻ ትምህርት፣ ተማሪው ሪሚዲያል የሚለው፣ ተጀምሯል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶ ያላመጡ በርካታ ልጆች ለጥቂት ወራት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተምረው እንደገና ተፈትነዋል። ይህ ጥሩ ጅምር ነው። የሚመረጡት ግን አሁንም በአገር አቀፍ ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ዜሮ ካሳለፉት ትምህርት ቤቶች የሚወጡት ልጆች በዚህም ወረፋ ኋላ ናቸው። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ በ2015 አንድም ካላሳለፉት 1,328 ትምህርት ቤቶች ከእያንዳንዱ ሁለት ቀዳሚ ልጆችን ብንወስድ 2,656 ይሆናሉ። ለአርባ ከሚበልጡት ዩኒቨርሲቲዎች ስናካፍላቸው ለእያንዳንዱ ከሰባ አይዘሉም። መምህር በሌለበት፣ መጽሐፍ በሌለበት ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ ዕውቀቱ ቢያንስም ብርታቱ አይጠረጠርም። ለእነዚህ ልጆች አንድ ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛና ሒሳብ እናስተምራቸው፤ ከዚያ ይፈተኑ። ያኔ የሚመጣው ነጥብ በእርግጥ የራሳቸው ይሆናል።

ሌላው የምጠይቀው ገንዘብ እንኳ አያስወጣም። በዚህ አዳራሽ የዩኒቨርሲቲ መምህራን እንዳላችሁ አይቻለሁ። የዲፓርትመንት ምደባ ሲሠራ የመጀመሪያው ሴሚስተር ነጥብ ክብደት ይቀንስ፤ የሁለተኛው ይጨምር። ነጥቡ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ከፍ ያለ ልጅ መማር እንደሚችል አሳይቷል፤ ማሻሻሉ ይቆጠርለት። ለእያንዳንዱ አዲስ ገቢ ደግሞ ከዚያው አካባቢ የመጣ አንድ ሲኒየር ይመደብለት፤ ሲኒየሮቹ ሳይታዘዙም ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ሥርዓት ይሁን። ይህን በትምህርት ክፍላችሁ ስብሰባ ላይ አንሡልኝ። የሚቃወማችሁ ሰው ካለም ያለፉትን አምስት ዓመታት የአንደኛ ዓመት ነጥቦች ከሬጅስትራር አውጥታችሁ፣ በየትምህርት ቤቱ ለይታችሁ፣ በሁለቱ ሴሚስተሮች መካከል ማን ምን ያህል እንደወጣ አብራችሁ ተመልከቱ።

አሁን ጥያቄያችሁንም ተቃውሟችሁንም ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ ከተማሪዎቹ ብንጀምር ደስ ይለኛል።